ኖቬምበርን የሚጠብቅ ይዘገያል

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖረው ወገናችን ምርጫ ሲባል የሚያስበው ኖቬምበርን ነው። በሜሪላንድ ስምንተኛ የኮንግረስ ወረዳ ግን ኖቬምበር ሲደርስ ነገሩ አልቋል። ወረዳው ለዲሞክራቶች እጅግ ያጋደለ ስለሆነ፣ ወንበሩን ማን እንደሚይዝ የሚወሰነው ከወራት በፊት በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ በፕራይመሪ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ሪፐብሊካኗ ኮኒ ሞሬላ ከዚሁ ወረዳ ለ16 ዓመታት በኮንግረስ ተቀምጠዋል። በ2002 የወረዳው ወሰን ተከልሶ ዲሞክራቱ ክሪስ ቫን ሆለን በጠባብ ልዩነት ካሸነፏቸው ወዲህ፣ ፉክክሩ ከሳሎን ወደ ጓዳ ገባ።

የጓዳው ፉክክር ምን ያህል እንደሚግል 2016 አሳይቶናል። ቫን ሆለን ለሴኔት ሲወዳደሩ ለተለቀቀው ወንበር ዘጠኝ ዲሞክራቶች ተሰለፉ። የመጠጥ መደብሮች ባለቤት ዴቪድ ትሮን ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሳቸው አፈሰሱ። ኤፕሪል 26 ያሸነፉት ግን የሕግ መምህሩ ጄሚ ራስኪን ነበሩ፤ ያገኙት ከመቶ 34 ያህል ነው። ከትሮን የለያቸው ድምፅ 10 ሺህ አይሞላም። ኖቬምበር ላይ ሪፐብሊካኑን በሰፊ ልዩነት ሲረቱ የተደነቀ አልነበረም።

ከ700 ሺህ በላይ ሕዝብ ባለበት ወረዳ 10 ሺህ የማይሞላ የድምፅ ልዩነት ወንበር ከሰጠ፣ አንድ ላይ የሚወጣ ማኅበረሰብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በሜሪላንድ ለኮንግረስ በሚደረግ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። ዜግነት አግኝቶ ሲመዘገብ «ከየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» የሚለውን የመረጠ ወገናችን ከደጅ ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደሚመርጥ እናውቃለን። በመጣንበት አገር የፓርቲ አባልነት ስብሰባና መዋጮ፣ አንዳንዴም መዘዝ ነበር። እዚህ ግን ቅጽ ላይ የሚደረግ ምልክት ነው፤ ስብሰባም መዋጮም ግዴታ አይደለም። ኖቬምበር ላይም ያሻውን ፓርቲ ከመምረጥ የሚከለክለው የለም።

ይህ ጋዜጣ ለማንም ተወዳዳሪ አይቀሰቅስም፤ ሪፐብሊካን የሆነም በፓርቲው ይጽና። ገለልተኛ ነኝ የሚለው አንባቢያችን ግን ገለልተኝነቱ ምን እንደሚያስከፍለው ይመዝን፤ በአሳቡ ነጻ ሆኖ በመዝገብ ደግሞ ፉክክሩ ካለበት መግባት ይችላል።

ግዛቱም ዕዳ አለበት። የታኮማ ፓርክ ከተማ ነዋሪዎች ከ2007 ጀምሮ የከተማቸውን ተወዳዳሪዎች በቅደም ተከተል እየደረደሩ ይመርጣሉ። አናፖሊስ ያለው የግዛቱ ምክር ቤት ይህን ለኮንግረስ ፕራይመሪ ቢፈቅድ፣ የተሸነፉት ድምፅ ወደ መራጩ ቀጣይ ምርጫ ስለሚሻገር በሲሶ ድምፅ ወንበር መያዝ ይቀራል።

እስከዚያው ግን ሥራው የራሳችን ነው። ፓርቲ ለመቀየር መዝገቡ ከፕራይመሪው ሦስት ሳምንት በፊት ይዘጋል። ስለዚህ የምዝገባ ቅጹ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየዕድሩ ጠረጴዛ ላይ ከወዲሁ ይቀመጥ። ወንበሩ ከተያዘ በኋላ በኮንግረስ ደጅ ሰልፍ መውጣት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።