ቤተ ሰብ ሲበዛ ምን ዓይነት አውቶሞቢል ይገዛል?

ቤት በልጅ ሲሞላ አውቶሞቢሉም ይጠባል። ብዙ የቤት ጌታ መኪና ሲመርጥ የሚመለከተው የውጭውን ማማር ነው፤ በውስጡ የሚቀመጡት ግን እናትና ሕፃናት፥ አያትም ናቸው። ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገር አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ ሄዶ በመኪናው አስቀምጦ ማየት ይገባል። ሦስት የሕፃናት ወንበር ጎን ለጎን የሚይዝ የኋላ መቀመጫ ጥቂት ነው። ሕፃንን አቅፎ መሄድ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን መኪና ሲጋጭ የእናት ክንድ ሊይዘው አይችልም።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ አዲስ የሚገዛ ሰው የኤሌክትሪኩን ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል። የአዲስ አበባ ከፍታ የቤንዚኑን ሞተር ጉልበት ሲቀንስ፥ የኤሌክትሪኩን አይቀንስም፤ ወደ አዳማ ቁልቁል ሲወርድም ለባትሪው ጥቂት ኃይል ይመልሳል። ሰውና ዕቃ ሲሞላ፥ ዳገትም ሲበዛ ግን በወረቀት የተጻፈው ኪሎ ሜትር ያንሳል፤ ዝቅ ያለም ከሆነ በኮረኮንች መንገድ ድንጋይ ሆዱን ይመታዋል።

ደስታውንም መናቅ አይገባም። መስኮቱ ሰፊ፥ ድምፁ ዝግ ያለ መኪና ልጆች አገራቸውን እያዩ የአባታቸውን ጨዋታ የሚሰሙበት ሁለተኛ ቤት ነው። የሰውን ዓይን ለመሙላት ሳይሆን ልጆቹን በደኅና ወስዶ ለመመለስ የሚገዛ ሰው መልካም መረጠ።