በገንዘቡ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?

ስለ ገጠር ልማት በተነጋገርን ቁጥር ክርክራችን በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን ግድብና ፋብሪካ እንጂ የምንጭና የጉድጓድ ሥራ አገር አይለውጥም ይላል። ሌላው ደግሞ ትንሽም ብትሆን ርዳታ ርዳታ ናት ይላል። ሁለቱም ስለ ገንዘቡ መጠን ሲከራከሩ አንድ ጥያቄ ይዘለላል፤ ይኸውም በገንዘቡ የሚያዝበት ማን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። በፊንላንድ መንግሥት ርዳታ በአማራ ክልል የገጠር ውኃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ተጀመረ። በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አሠራር ተሞከረ። ነዋሪዎቹ የውኃ ኮሚቴ መርጠው ለወረዳው ያመለክታሉ፤ ሲፈቀድላቸውም የግንባታው ገንዘብ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአብቁተ በኩል፣ ለኮሚቴው ይከፈል ጀመር። ሲሚንቶ የሚገዛ፣ ግንበኛ የሚቀጥር፣ ሒሳብ የሚያቀርብ ራሱ ኮሚቴው ሆነ። ነዋሪው ጉልበቱን፣ ድንጋይና አሸዋውን ያዋጣል፤ ለጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ያጠራቅማል። የወረዳው ድርሻ ማሠልጠንና መቆጣጠር ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በተጀመረው ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተስፋፍቷል።

«ያልተማረ ገበሬ ገንዘብ ያባክናል» የሚሉ አይጠፉም። ዕድር የሚያስተዳድር፣ የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የሚሾም ሕዝብ ሒሳብ አያውቅም ማለት ግን ሕዝቡን አለማወቅ ነው። መሥሪያ ቤት የቆፈረው ጉድጓድ ሲበላሽ መሥሪያ ቤት ይጠበቃል፤ ራሱ ገዝቶ ያሠራው ግን የቱ ዕቃ በስንት ብር እንደ ተገዛ ያውቃልና ለመጠገንም አይቸግረውም።

በርግጥ ይህ ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። ጥልቅ ጉድጓድ የሚቆፍር መኪና በመንደር መዋጮ አይመጣም፤ እሱ የመንግሥት ዕዳ ነው። ኮሚቴውም ቢሆን በአካባቢው ባለ ጉልበቶች እጅ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡ በስብሰባ ፊት ይነበብ፤ እንስራ የምትሸከመዋ ሴትም በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ይኑራት።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሦስተኛ ተግባራችን ነው ይላሉ። እንግዲያስ መምህራኖቻችንን በአክብሮት እንጠይቅ፤ ለዚህ አገልግሎት ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለምን በቀበሌው ኮሚቴ ስም አይከፈልም? ዕቅዱን እኛ አውጥተን፣ ዕቃውን እኛ ገዝተን፣ ባለቤቱን ለምረቃ ቀን ብቻ የምንጠራው እስከ መቼ ነው?

ጓደኞቼ፣ ወደ ገጠር ስንወጣ መዝገብ አያያዝ እናስተምር፣ ውኃውን እንመርምር፣ ስንጠየቅም እንምከር። እስክሪብቶውን ግን ለባለቤቱ እንተውለት።