ዋጋውን ይጻፉልን
ለሽሮሜዳዋ ባለሱቅ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ፣

ሰሞኑን በቴሌግራም ቻናልዎ የለጠፉትን ባለ አረንጓዴ ጥለት ቀሚስ አይቼ፣ ለወንድሜ የጥር ሠርግ ይሆነኛል ብዬ ጓጉቼ ነበር። ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ «አዲስ ገባ! እንዳያመልጣችሁ! ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ጠየቅኩ። መልስ የመጣው በማግስቱ ነው፤ እሱም ዋጋ ሳይሆን «ሰላም ውዴ፣ የት ነሽ?» የሚል ጥያቄ ነበር። አዲስ አበባ ነኝ ስል አንድ ዋጋ ተነገረኝ። ዱባይ ያለችው እህቴ እኔ ሳላውቅ ስለዚያው ቀሚስ ጠይቃ ኖሮ፣ ለእሷ የተነገራት ከእኔው በሺዎች ብር ይበልጣል። ቀሚሱ ያው፣ ሱቁ ያው፤ እህቴ የምትሠራው በሰው ቤት ነው፣ ቀሚሱን ልትልክ ያሰበችው ደግሞ ለእናታችን ነበር።

በግልጽ የምጽፈው በውስጥ መስመር የሚመልሱልን ልጆች እንጂ እርስዎ ስላልሆኑ ነው። ይህ ነገር እርስዎ ዘንድ መድረስ አለበት።

መልካሙን አልደብቅም። ፎቶዎቹ አምረዋል፤ የጥለቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። ያዘዝነው በተባለው ቀን ይደርሳል፣ በቴሌብርም መክፈል ይቻላል። ከዚህ በላይ ለማመስገን ዛሬ ልቤ እሺ አላለኝም።

ቻናሉን የከፈቱ ሰሞን እንዴት ይጽፉ እንደነበር እርስዎም እኛም እናውቃለን። ጨርቁ ፈትል ይሁን መነን፣ ጥለቱ በእጅ ይሸመን በማሽን ይጠለፍ፣ ነጠላው አብሮ ይሰጥ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ በመጨረሻም ዋጋው። አጭር ነበር፣ ሁሉም ነበረው። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ታነበውና «እኚህ ሴትዮ የሚሸጡትን ያውቃሉ» ትል ነበር። እኔም ገንዘቤን አስልቼ፣ ቆርጬ ነበር የምደውለው። ዛሬ የዶርዜ ሸማኔ እጁን አድክሞ የሠራውና በፋብሪካ የታተመው ጨርቅ በስልክ መስታወት ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ከሥር የሚጻፈው ቃል ነበር። እሱንም ትተውታል። ይህንን ግን ልለፈው፤ የሚያንገበግበኝ የዋጋው ነገር ነው።

ዋጋ ይለዋወጣል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ምንዛሪ መመንዘር ከጀመረ በኋላ፣ የነገን ዋጋ ዛሬ መናገር ለነጋዴ ከባድ ነው። ነገር ግን የቴሌግራም ቻናል ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ እንደገና ይታረማል። «ይህ ዋጋ እስከ ቅዳሜ ነው» ብሎ መጻፍም ይቻላል። ተፎካካሪ ያየዋል ካሉም፣ ተፎካካሪዎ እንደ እኔው በውስጥ መስመር ገብቶ መጠየቅ ያውቃል፤ ምናልባትም ከእኔ ቀድሞ መልስ ያገኛል። የተደበቀው ከደንበኛው ብቻ ነው።

ዋጋ ካልተጻፈ ጠያቂ ይበዛል፣ አስተያየት ሲበዛ ደግሞ ጽሑፉ ለብዙ ሰው ይታያል የሚል ምክርም ለነጋዴዎች ይሰጣል። ይህ የፌስቡክ ወሬ ነው። የእርስዎ ደንበኞች ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቻናሉን የተቀላቀለ ሰው የለጠፉትን በተራው ያገኘዋል፣ አስተያየት በዛ አልበዛ። ከፎቶው ሥር «ዋጋ?» «ዋጋ ስንት ነው?» እያለ የተደረደረው ጥያቄ መልስ አጥቶ ሲታይ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ያባርራል።

የዋጋ ክርክር የገበያችን ወግ ነው ለሚለው ደግሞ፣ ሽሮሜዳ ያደገ ሰው ስለ ክርክር አይነገረውም። ሱቅዎ ገብቼ «ስንት ነው?» ስል ወዲያው ይነገረኛል፤ ካልተስማማኝ ቀጥሎ ያለው ሱቅ በር ክፍት ነው። አጠገቤ የቆመችው ሴት የተባለችውንም እሰማለሁ። በውስጥ መስመር ይህ ሁሉ የለም። ሻጩ የገዢዋን ፎቶና ስም አይቶ፣ የት አገር እንዳለች ጠይቆ፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ይህንን ክርክር አልለውም፤ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ሰዎች የሚጀምሩበትን ያውቃሉ።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያኖር ደንግጓል። በሱቅዎ መደርደሪያ ላይ ይህንን ያከብራሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያው ቀሚስ በስልካችን ሲመጣ ዋጋው ለምን ይጠፋል?

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሥራ ማስታወቂያ ብናነብ የትምህርት ደረጃው፣ የሥራ ልምዱ፣ ዕድሜው ሳይቀር ተዘርዝሮ «ደመወዝ በስምምነት» ይላል፤ ወጣቱ ዶክመንቱን ኮፒ አድርጎ፣ ታክሲ ከፍሎ፣ ቃለ መጠይቅ ተቀምጦ ነው የማይኖርበት ደመወዝ መሆኑን የሚሰማው። የአፓርታማ ማስታወቂያው የቅድመ ክፍያውን መቶኛ በትልቁ ጽፎ ጠቅላላ ዋጋውን «ይደውሉልን» በሚል ይተካዋል። ሁሉም ስለራሱ ብዙ ቃል ያወጣል፤ አንባቢው ለመወሰን የሚያስፈልገው አንዱ ቁጥር ሲደርስ ዝም ይላል። ማስታወቂያ መጻፍ ሰውን በር ድረስ መሳብ ብቻ የሆነ ይመስላል። እርስዎ ግን እንዲህ አልነበሩም፤ ለዚህ ነው ከሌሎቹ ይልቅ በእርስዎ የማዝነው።

እትዬ፣ የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። የሚቀጥለውን ቀሚስ ሲለጥፉ ጨርቁንና ጥለቱን በአንድ መስመር፣ ዋጋውን በሌላ መስመር ይጻፉ፤ ዋጋውም አዲስ አበባ ላለውም ዱባይ ላለውም አንድ ይሁን። ማድረሻው ከተለየ የማድረሻውን ለብቻ ይጻፉት። ለእህቴም የተነገራት ዋጋ ከየት እንደመጣ እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሯት። ስልኳ የውስጥ መስመሩ መልእክት ላይ አለ።

የሠርጉን ልብስ ከሌላ ሱቅ አላዘዝኩም። እስከ ኅዳር መጨረሻ ቻናልዎን እያየሁ እጠብቃለሁ።

የቆየች ደንበኛዎ