ሀራራን የሚያበርድ መድኃኒት ፍለጋው የት ደረሰ?

ከሄሮይን ሱስ ለመላቀቅ ለሚሹ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን፣ ከአልኮል ለመራቅ ለሚሞክሩ ደግሞ ናልትሬክሶን አለ። የኮኬይንና የሜታምፌታሚን ሱሰኞች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለእነዚህ አነቃቂ ዕፆች ሱስ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት የለም።

ክፍተቱ የሙከራ ማነስ የፈጠረው አይደለም። ሄሮይን በአንጎል ውስጥ የሚያርፍበት ተቀባይ ተለይቶ ስለሚታወቅ ሌላ መድኃኒት ቦታውን ሊይዝለት ይችላል። አነቃቂ ዕፆች ግን ዶፓሚንን ጨምሮ የበርካታ መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገሮችን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ያዛባሉ። አንዱን በር መዝጋት ሌላውን አያስቆምም።

ተስፋ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በ2021 እ.ኤ.አ በ“ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን” ታትሟል። በአሜሪካ 403 የሜታምፌታሚን ሱሰኞች የተሳተፉበት ይህ ሙከራ በየሦስት ሳምንቱ የሚወጋን ናልትሬክሶን በየዕለቱ ከሚዋጥ ቡፕሮፒዮን ከተባለ የድባቴ መድኃኒት ጋር አጣምሯል። መድኃኒቱን ከወሰዱት 13 ነጥብ 6 በመቶው፣ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ደግሞ 2 ነጥብ 5 በመቶው ብቻ ከአራት የሽንት ምርመራዎች ቢያንስ በሦስቱ ከዕፁ ነጻ ኾነው ተገኝተዋል። መድኃኒቱን የወሰዱት ሀራራቸው መቀነሱንም ተናግረዋል።

ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይኹንና ከመቶ ታካሚዎች ከ86 የሚበልጡት ከግቡ አልደረሱም። ሀራራን ማብረድ ሱስን ከማቆም ጋር አንድ አለመኾኑም እዚህ ላይ ይታያል። ሀራራ ታካሚው ራሱ የሚናገረው ስሜት ነው፤ የሽንት ምርመራ ደግሞ ምን እንደወሰደ ያሳያል። መድኃኒት ሊመዘን የሚገባው በኹለቱም ነው።

እስካኹን ከመድኃኒት የተሻለ ማስረጃ ያለው የባሕሪ ሕክምና ነው። ታካሚው ከዕፅ ነጻ መኾኑ በምርመራ በተረጋገጠ ቁጥር አነስተኛ ሽልማት ያገኛል። የካሊፎርኒያ ግዛት በ2023 እ.ኤ.አ ይህን ዘዴ በመንግሥት የጤና መድን ሥር መስጠት ጀምራለች።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን በኬሚካዊ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል፤ “ሀራራ” የሚለውን ቃልም የጫት ቃሚ ቤተሰብ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ነገር ግን በሜታምፌታሚን ላይ የተገኘን ውጤት እንዳለ ወደ ጫት ማሻገር ስህተት ነው። የዕፁ ጥንካሬም፣ አወሳሰዱም፣ ማኅበራዊ ቦታውም ይለያያል። መድኃኒቶቹን ያለሐኪም መውሰድ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ መድኃኒቱ እስኪገኝ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም። በምክርና በክትትል የተደገፈ ሕክምና ዛሬም ሊሰጥ ይችላል። ነገ የሚገኘው መድኃኒትም ቢኾን ይህን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።