ምስክሮቹን ወደ ክፍል አስገቡ

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ክረምቱን አሳልፎ ዘጠነኛ ሲገባ ከሚጠብቁት ለውጦች ሁሉ ትልቁ የትምህርቱ ቋንቋ ነው። በብዙ ክልሎች እስከ ስምንተኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ከዘጠነኛ ጀምሮ ታሪክንም ባዮሎጂንም በእንግሊዝኛ ይማራል። ባዮሎጂው ቢያንስ ሥዕል አለው። ታሪክ ግን ጥያቄና ክርክር ነው። «ማን አለ?»፣ «ለምን እንዲህ አለ?»፣ «እናንተስ በምን አወቃችሁ?» ማለትን ይፈልጋል። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ገና ባልደፈረው ቋንቋ እንዲህ አይከራከርም። ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይሸመድዳል፤ ፈተናው ላይ አራግፎት ይወጣል።

እንግዲህ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ልጆቻችን ስለ አክሱም፣ ስለ ዛጉዌ፣ ስለ ይፋትና ስለ አዳል በሚያስቡበት ቋንቋ ጠይቀው የሚማሩባቸው የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ናቸው። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ስለ ጥንት ታሪክ በራሳቸው ቋንቋ መምህር ፊት ቆመው የሚሟገቱበት ዕድል አያገኙም። እኔን የሚያንገበግበኝ እነዚህን ሁለት ዓመታት የምናባክንበት መንገድ ነው።

ተማሪዎቹ «ሶሻል» በሚሉት ትምህርት ውስጥ ታሪክ ከጂኦግራፊው ጋር ተጠጋግቶ ይቀርባል። መምህሩ ኖት ይጽፋል፤ ልጆቹ ይገለብጣሉ። የነገሥታት ስም በተራ ይመጣል፤ ከስሙ ጎን ዓመተ ምሕረት፣ ከዓመቱ ጎን የጦርነት ስም። ዓመቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ልጁ የሚኖርበት ዘመን አቆጣጠር አንድ፣ መጽሐፉ የሚጠቀምበት ሌላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጠር። (እኔም እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ፈተናው ይመጣል፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ሳንቲም ያስቀረጸው የአክሱም ንጉሥ ማን ነው?» መልሱ እንዱቢስ ነው። ልጁ ያከብባል፤ ነጥቡን ያገኛል። የአክሱምን ሳንቲም ግን በፎቶ እንኳ ሳያይ ስምንተኛን ያልፋል።

ሳንቲሙን ቢያይ ምን ያገኝ ነበር? አክሱማውያን ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ ቀርጸዋል። በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በግራና በቀኝ በእህል ዛላ ታቅፎ ይታያል። የወርቁ ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክ ነው፤ ከጊዜ በኋላ በብሩና በመዳቡ ላይ ግእዝ እየበረከተ ይሄዳል። ልጆቹን «ለምን ይመስላችኋል?» ብትሏቸው ጥቂት አውጥተው አውርደው ይደርሱበታል። ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ከውጭ ነጋዴ ጋር ይገበያያል፤ መዳቡ ቤት ውስጥ ይቀራል። የአክሱም ሳንቲም በየመንም በህንድም ምድር ተገኝቷል። ስለ አዱሊስ ንግድ አንድ ገጽ ኖት ከመገልበጥ ይልቅ ይህ አንድ ጥያቄ ልጁ ውስጥ ይቀራል።

የኢዛና ሳንቲም ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የዘመኑ መጀመሪያ ሳንቲሞቹ አናት ላይ ግማሽ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ። በኋለኞቹ ላይ በዚያው ቦታ መስቀል ይታያል። ንጉሡ አንድ ነው፤ ምልክቱ ተቀየረ።

ይህ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት የሁለቱን ሳንቲሞች ፎቶ አስፍተው አሳትመው ሰሌዳው ላይ ለጥፈዋል። «ምን ታያላችሁ?» ብለው ዝም አሉ። መጀመሪያ ክፍሉም ዝም አለ፤ ልጆቹ መልሱ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ጥያቄ አልለመዱም። ከዚያ ከፊት ወንበር አንዷ «ቲቸር፣ መስቀል!» አለች። ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ያኔ ሕዝቡ በሙሉ ክርስቲያን ሆነ ማለት ነው» አለ። መምህርቷ አላረሙትም፤ «ሳንቲሙ ይህን ይነግረናል?» ብለው ወደ ክፍሉ መለሱት። ሌላዋ ቀስ ብላ «ሳንቲሙን ያሠራው ንጉሡ ነው፤ ሕዝቡማ አልተጠየቀም» አለች። የታሪክ ትምህርት ማለት ይህ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አንድ ማስረጃ ምን እንደሚናገርና የት ላይ ዝም እንደሚል ለይታ አወቀች። ይህን በኖት ማስገልበጥ አይቻልም።

ከሳንቲሙ ቀጥሎ ድንጋዩ አለ። በአክሱም ያለው የኢዛና ድንጋይ አንዱን የቤጃ ዘመቻ በግሪክ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል ጽፎ ይዟል። በዘመቻው የተሸነፉት ሰዎች ምግብ፣ ልብስና ከብት ተሰጥቷቸው ወደ ሌላ ምድር እንዲሰፍሩ መደረጋቸውን ንጉሡ ራሱ ይተርካል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኢዛና ራሱን የማሕረም ልጅ ይላል፤ ግሪኩ ላይ ማሕረም በግሪኮቹ የጦርነት አምላክ በአሬስ ተተክቷል። ስለ ኖባ ዘመቻ በሚናገረው የኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ ግን ድሉን የሰጠው የሰማይ አምላክ ነው። በ1969 በተገኘው የግሪክ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በግልጽ ተጠርተዋል። ለአገሬው በሚነበበው ቋንቋ ለዘብ ያለ፣ ለውጭው በሚነበበው ቋንቋ የተገለጠ እምነት! ለምን? ሊቃውንቱም ይህን ጥያቄ ገና እየተወያዩበት ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቢወያይበት ምን ይጎድለዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኛ ልጆች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነውና። በዚያ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ላይ ያሉትን ፊደላት አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ በርከት አድርጎ ይለያቸዋል። የቀደሙት ጽሑፎች የአናባቢ ምልክት የላቸውም፤ በኋለኛው የግእዝ ጽሑፍ ላይ ግን ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ ብለን የምንቆጥራቸው ቅርጾች ብቅ ይላሉ። ልጁ ፊደል የቆጠረበት ገበታ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያያል። በብዙ አገር የጥንት ጽሑፍ ለልጆች የሚቀርበው የማይፈታ ሥዕል ሆኖ ነው። እኛ ጋ ልጁ ጣቱን አሳርፎ «ይቺ መ ናት» ማለት ይችላል። ይህን ያህል ሀብት ይዘን የነገሥታት ስም ዝርዝር ማስሸምደዳችን ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ መምህራን የሚፈሩት ጥያቄ ይነሣል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ክርስትናን የተቀበሉት አብርሃና አጽብሃ አይደሉም እንዴ?» ይላል። ብዙ መምህር ወይ ያልፈዋል ወይ «መጽሐፉ ኢዛና ነው የሚለው፣ ኢዛና ብለህ መልስ» ይለዋል። ሁለቱም ልጁን ይበድሉታል። ትክክለኛው መልስ ቀላልና አክብሮት ያለው ነው፤ ትውፊታችን አብርሃና አጽብሃ ይላል፤ ሳንቲሙና ድንጋዩ ኢዛና ይላሉ፤ እነዚህ ሁለት ዓይነት ምስክሮች እንዴት እንደሚገናኙ ታሪክ አጥኚዎች ይመረምራሉ። ልጁ እምነቱ ሳይነካ፣ ትውፊትና ሰነድ የተለያየ ሥራ እንዳላቸው ተረድቶ ይወጣል።

ወደ መካከለኛው ዘመን ስንመጣ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ያስፈልገናልም። ከ1270 ወዲህ ያለው የሰሎሞናዊ ነገሥታትና የሙስሊም ሱልጣኔቶች ታሪክ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ በአንድ ድምፅ ነው የሚተረከው። ምስክሮቹ ግን አንድ ድምፅ አይደሉም። ዓምደ ጽዮን በ1332 ከይፋቱ ገዥ ከሰብር አድ-ዲን ጋር ያደረገውን ጦርነት የሚተርከው የግእዝ ዜና መዋዕል ለንጉሡ የቆመ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ካይሮ ላይ አል-ዑመሪ የተባለ ጸሐፊ ከይፋት እስከ ሐድያና ባሌ ስላሉት ሰባት የሙስሊም ግዛቶች ጽፏል። እግሩ አገራችንን አልረገጠም፤ ከነገሩት አንዱ ስለ ወገኖቹ አቤት ሊል ካይሮ የሄደ ዓብደላህ የተባለ የዘይላ ሰው ነበር። ልጆቹን «አቤቱታ ይዞ የሄደ ሰው ምኑን አጉልቶ ይናገራል? ንጉሡን የሚያወድስ ጸሐፊስ ምኑን ያሳንሳል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ለእናታቸው ሲናገሩ ሰምተው ያውቃሉና ወዲያው ይገባቸዋል።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነትም እንዲሁ ነው። ፉቱሕ አል-ሐበሻን የጻፈው ዓረብ ፈቂህ ከኢማም አሕመድ ወገን ሆኖ በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የሆነውን በድል አድራጊ ዓይን ይተርካል። የዐፄ ገላውዴዎስ ዜና መዋዕል ከቤተ መንግሥቱ ወገን ነው። ከፖርቱጋል ወታደሮች ጋር በ1541 የመጣው ካስታኞሶ ደግሞ የሦስተኛ ወገን ትረካ አለው። የአንድ ዘመን መከራ በሦስት ብዕር ተጽፏል። ከእያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ተተርጉሞ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ከክርስቲያን ቤት የመጣውም ከሙስሊም ቤት የመጣውም ልጅ አያቶቹ በሌላኛው ዓይን እንዴት ይታዩ እንደነበር ያነባል።

«ልጆች ናቸው፣ ቁስል አታስነኳቸው» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ በዚህች አገር የታሪክ ክርክር ደም እስከ ማፍሰስ እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል። ግን ቁስሉ ቀድሞ ተነክቷል። ልጁ ስለ ኢማም አሕመድና ስለ ዓምደ ጽዮን የሚሰማው መጀመሪያ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ነው፤ እዚያ የሚያወራው ሰው ምንጭ አይጠቅስም፤ ጩኸቱ ግን ከመምህሩ ይበልጣል። «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅን ያልለመደ ልጅ በዚያ ገበያ ውስጥ ባዶ እጁን ነው የሚቆመው። ስለ ኩራታችንም እንዲሁ ነው። አክሱም ከዓለም አራት ታላላቅ መንግሥታት አንዷ ነበረች የሚለውን ሁሉም ይደግመዋል። ቃሉ የተገኘው በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የፋርሱ ማኒ ትምህርት ከተጻፈባቸው መጻሕፍት መሆኑን፣ ከሮም፣ ከፋርስና ቻይና ነው ከሚባል መንግሥት ጋር እንደቆጠረን የሚያውቅ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ምንጩን ያወቀ ኩራት በክርክር አይናወጥም።

መምህራን ሌላ ነገር ይሉኛል። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጁ ብዙ ነው፣ ፖርሽን ማለቅ አለበት። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ፖርሽኑ ይቀነስ! ከነገሥታቱ ስም ግማሹ ቢወጣ አገር አይፈርስም። በቦታው ንጉሥ የሌለበት ታሪክ ይግባ፤ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ያቆማቸውን ገዥ ስም ግን የሚነግረን ጽሑፍ የለም። በመቀሌ አጠገብ ኲሓ አካባቢ የተገኙት በዓረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች በዛጉዌ ዘመን በደጋው መሐል የሙስሊም ማኅበረሰብ ይኖር እንደነበር ይመሰክራሉ። ከሽምብራ ኩሬ በፊት ባሉት ብዙ መቶ ዓመታት በክርስቲያኑና በሙስሊሙ መካከል ከጦርነት በላይ ብዙ ነገር፣ ገበያም ጉርብትናም እንደነበር ልጁ ከእነዚህ ድንጋዮች ይማራል።

ለውጡን ለመጀመር አዲስ ፍኖተ ካርታ መጠበቅ የለብንም። መምህሩ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ ስለዚህ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚያወጡት የክልል ትምህርት ቢሮዎች ከምርጫ ጥያቄዎቹ መካከል ጥቂቱን ብቻ አንሥተው በምንጭ ላይ የቆመ ጥያቄ ያስገቡ። ለምሳሌ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1330 ገደማ ዘይላ ወደብ ደርሶ ነበር። ከተማዋ ትልቅ ገበያ እንዳላት ጽፏል፤ ከዓሣውና ከታረደው ግመል ሽታ የተነሣ ግን ባሕሩ እየናጠው መርከብ ላይ ማደሩን መረጠ። ከትረካው አጭር ቅንጫቢ ፈተናው ላይ ይውጣና ሦስት ጥያቄ ይከተል፤ ስለ ዘይላ ንግድ ከዚህ ምን እንረዳለን? አንድ ሌሊት እንኳ ከተማዋ ውስጥ ያላደረ እንግዳ ምን ሳያይ ሊሄድ ይችላል? ያንኑ ዓመት የዘይላ ነጋዴ ቢጽፈው ኖሮ የትኛው ዓረፍተ ነገር ይለወጥ ነበር?