ሪባን የማይቆረጥለት ቧንቧ

አዲስ ቤተ ሙከራ ሲመረቅ ሥነ ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል አንባቢ በቴሌቪዥን ደጋግሞ አይቶታል። ሪባን ይቆረጣል፤ ነጭ ጋዋን የደረቡ እንግዶች ጎንበስ ብለው ማይክሮስኮፕ ያያሉ፤ ዜና አንባቢውም የመሣሪያዎቹን ዋጋ በሚሊዮን ብር ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ ግን ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለቧንቧው ጥገና የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም። ጉዳዩ የቧንቧ ሠራተኛ እንጂ የፖለቲካ አይመስልም። እኔ ግን ፖለቲካ ነው እላለሁ፤ ማስረጃዬንም የማቀርበው ከድሃ አገር ሳይሆን ከእንግሊዝ ነው።

ሐምሌ 27 ቀን 1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 3 ቀን 2007) በሰሬይ በአንድ እርሻ ከብቶች ላይ የአፍተግር በሽታ መገኘቱ ተረጋገጠ። ቫይረሱ ሲመረመር እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘ፣ በመስክ የማይታይ፣ በቤተ ሙከራና በክትባት ማምረቻ ብቻ የሚሠራበት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ጣቶች ሁሉ ወደ ጎረቤቱ የፒርብራይት ግቢ ዞሩ። በግቢው ውስጥ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር የእንስሳት ጤና ምርምር ተቋምና ሜሪያል የተባለ የግል ክትባት አምራች አብረው ይሠሩ ነበር። መርማሪዎች ያገኙት የረቀቀ ሤራ አልነበረም። ያገኙት የተሰነጠቀና የዛፍ ሥር የገባበት አሮጌ የፍሳሽ ቧንቧ፣ በቅጡ ያልታሸገ ማንሆል፣ የሐምሌ ከባድ ዝናብና የተበከለ ጭቃ ከግቢው ይዘው ሳይወጡ ያልቀሩ የግንባታ ተሽከርካሪዎች ናቸው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው የፍሳሽ ማከሚያ መካከል ያለው ያ ቧንቧ ጥገና እንደሚያሻው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ያልታወቀው ከፋዩ ነበር፤ ክርክሩም ለዓመታት ተጓተተ። ፈቃድ ሰጪውና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ የዚያው ምርምር ተቋም ዋነኛ ደንበኛ ነበር! ኪሳራው ለመንግሥት 47 ሚሊዮን፣ ለከብት አርቢዎችና ነጋዴዎች 100 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ። በዚያው ዓመት ሰር ቢል ካላሃን የመሩት ግምገማ የቁጥጥሩ ሥልጣን ከዚያ ሚኒስቴር እጅ እንዲወጣ መከረ።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ካለ ቢሾፍቱን ያስታውስ። ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት የአፍተግርን ክትባት የሚያመርተው በዚያች ከተማ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከልም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ የታወጀውን የደስታ በሽታ ቫይረስ እንዲያስቀምጡ ከተፈቀደላቸው ጥቂት የዓለም ተቋማት አንዱ ሲሆን፣ መቀመጫው እዚያው ነው። የደስታ በሽታ ማለት በ1880ዎቹ መጀመሪያ የአገሩን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን»ን ያመጣብን መቅሠፍት ነው። ሁለቱን ተቋማት መክሰሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምለው እንዲህ ያለ አደራ በተቀመጠበት አገር የቧንቧ ጥያቄ ቅንጦት ሊሆን አይችልም ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንምጣ። ከሰማንያ ዲግሪ በታች የሚያቀዘቅዘውን ፍሪዘር የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ፍሪዘሩ ባለቤት አልባ ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ሲቃጠል መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በመደበኛ በጀት ላይ ደግሞ ለእርሱ የተያዘ መስመር የለም። የደህንነት ካቢኔትም እንደ ቁም ሣጥን በወዛደር ትከሻ ከክፍል ክፍል ይዛወራል። ይህ ዕቃ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ እንዲሁም ከቦታው በተነቃነቀ ቁጥር፣ የአየር ፍሰቱና የሄፓ ፊልተሩ መፈተሽ አለበት። ፊልተሩ የሚያፈስ፣ ማራገቢያው ግን በደህና የሚያጉረመርም ካቢኔት ከባዶ ጠረጴዛ ይከፋል፤ ባዶ ጠረጴዛ ቢያንስ ሰውን ያስፈራል። ኦቶክሌቭ ላይ የሚለጠፈው ቴፕ ቀለሙ መለወጡ ሙቀት እንደነካው እንጂ ተህዋስያኑ እንደሞቱ አያረጋግጥም። ለዚያ በስፖር የሚደረግ ፈተና አለ፤ ስንት ቦታ ይደረጋል? በማውቀው አንድ ተቋም የወር ሙሉ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ በአንድ ጧት፣ በአንድ እስክሪብቶ ሲሞላ አይቻለሁ። ቁጥሮቹ ሁሉ ያማሩ ነበሩ። ሞይውን አልወቅስም፤ የተሰጠው ቅጽ እንጂ የሚሠራ ቴርሞሜትር አልነበረም።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በ2001 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሻለ። ክርክራችን ሁሉ ግን ልውጥ ዘር ይግባ አይግባ በሚለው ላይ አለቀ። የመንግሥትን ቤተ ሙከራ ማን ደፍሮ ይዘጋል የሚለውን ያነሣው ጥቂት ነው። ባለቤቱ መንግሥት፣ በጀት ሰጪው መንግሥት፣ ፈቃድ ሰጪውም መንግሥት በሆነበት አገር የፒርብራይት በሽታ የእኛም ነው፤ እነርሱ ግን ቧንቧቸው ሲፈነዳ ሪፖርቱን ለሕዝብ አወጡ።

«ድሆች ነን፤ መጀመሪያ መሣሪያው ይግባ፣ ጥገናው ይደርሳል» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ድሃ ሰው በቅሎ ሲገዛ የገብሱን ዋጋ አብሮ ያሰላል፤ እኛ በቅሎዋን በእርዳታ እንቀበልና ገብሱን ከሰማይ እንጠብቃለን። የአምስት ዓመት የጥገናና የካሊብሬሽን ውል ያልተያያዘበት የመሣሪያ ግዥ መጽደቅ የለበትም። ልገሳም ቢሆን በዚሁ መስፈርት ይመዘን፤ የማያሟላው በትህትና ይመለስ። ተቆጣጣሪው አካልም ተጠሪነቱ ቤተ ሙከራ ለሌለው መሥሪያ ቤት ይሁን፤ የማሸግ ሥልጣንም ይኑረው። እስከዚያው ድረስ፣ በሚቀጥለው ምረቃ ላይ የሚገኝ ጋዜጠኛ ካለ፣ ከማይክሮስኮፑ ፊት ዞር ብሎ የፍሳሹን መስመር ካርታና ቧንቧው መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀን ይጠይቅልን።