መጥሪያ ሳይደርስ ፍርድ፦ የፓርኪንግ ቲኬት፣ የድሮ አድራሻ እና ሲሲጄ

የዛሬው ጉዳያችን እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ መኪና የሚነዱትን ይመለከታል። ሌላ አገር ያላችሁም ብትሆኑ እዚያ ዘመድ አይጠፋችሁምና አድርሱላቸው።

ከለንደን ወደ ሊድስ የተዛወረ አንድ ወንድማችን በቅርቡ ደውሎልን ነበር። እሱና ባለቤቱ ለዓመታት ያጠራቀሙትን ይዘው ሞርጌጅ ጠየቁ። አማካሪው ፋይሉን ከፍቶ «ሲሲጄ አለብህ እኮ» አለው። ወንድማችን «እኔ የፍርድ ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም» ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፣ ረግጦ አያውቅም። የተፈረደበት በሌለበት ነው፤ ክስ መኖሩንም አልሰማም። ነገሩ ሲጣራ ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ሆኖ ተገኘ። ከተፈቀደው ሰዓት ሃያ ደቂቃ አሳልፏል። ደብዳቤዎቹ በሙሉ የሄዱት ድሮ ከአምስት ሰዎች ጋር ተጋርቶ ይኖርበት ወደነበረው የለንደን ቤት ነው።

«አድራሻዬን ቀይሬያለሁ እኮ!» ይላል። ቀይሯል። ባንኩን፣ ሐኪሙን፣ ካውንስሉን፣ መንጃ ፈቃዱን ሁሉ አስተካክሏል። የቀረው አንድ ነገር ሊብሬው ነው፤ እዚያ አገር ቪ5ሲ የሚሉት። ብዙዎቻችን የማናውቀው ይህንን ነው። መንጃ ፈቃዱም ሊብሬውም የሚወጡት ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ ከዲቪኤልኤ ቢሆንም መዝገባቸው የተለያየ ነው። በአንዱ ላይ አድራሻ መቀየር ሌላውን አይቀይርም።

ታዲያ የሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ፍርድ ቤት ድረስ እንዴት ሄደ? በግል መሬት ላይ ያለን ፓርኪንግ የሚያስተዳድረው ፖሊስም ካውንስልም አይደለም፣ ኩባንያ ነው። ለኩባንያው ወረቀትም ለካውንስሉ ቅጣትም ፒሲኤን እያልን ስለምንጠራቸው ይምታቱብናል እንጂ መንገዳቸው ለየቅል ነው። የኩባንያው ወረቀት «ውል አፍርሰሃልና ክፈል» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ እነዚህ ኩባንያዎች ጎማ ላይ ክላምፕ ያስሩ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ክላምፑ ሲከለከል፣ በምትኩ ሾፌሩ ማን እንደነበር ባይታወቅም የተመዘገበውን የመኪና ያዥ መጠየቅ እንዲችሉ ተፈቀደላቸው። በ2015 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቼልምስፎርድ ከተማ ከሁለት ሰዓቱ ነፃ ጊዜ 56 ደቂቃ ያሳለፈ አንድ ሾፌር 85 ፓውንድ መክፈል አለበት ብሎ ወሰነ። «የግል ቲኬት ዝም ብለህ ቅደደው» የሚለው የሻይ ቤት ምክር ከዚያ ወዲህ ሰው እያስበላ ነው።

ካሜራው ታርጋችሁን ያነባል። ኩባንያው ለዲቪኤልኤ 2 ፓውንድ ከ50 ከፍሎ ስምና አድራሻ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. እስከ ማርች 2024 በነበረው አንድ የበጀት ዓመት ብቻ ኩባንያዎቹ ከ12 ሚሊዮን ጊዜ በላይ እንዲህ ጠይቀዋል። ከዚያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ማስታወሻ ይከተላል፣ የዕዳ ሰብሳቢ ማስፈራሪያ ይደርሳል፣ ቀጥሎ 30 ቀን የሚሰጥ የክስ ማስጠንቀቂያ፤ በመጨረሻም ከኖርዝሃምፕተን የክስ ወረቀቱ።

እኛ ባደግንበት አገር መጥሪያ ማለት አንድ ሰው በእጁ ይዞት የሚመጣ፣ ፈርመው የሚቀበሉት ነገር ነው። ተከሳሹ ከጠፋም ፍርድ ቤቱ ሲያዝ በጋዜጣ ይጠራል። ይህኛው ግን በተራ ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ይገባል፤ ፊርማ የለው፣ የሚጠይቅ የለው። ከደረሰበት ቀን ጀምሮ መልስ ለመስጠት 14 ቀን አለ። ክሱ መድረሱን ብቻ ካሳወቃችሁ 28 ቀን ይሆናል። ማንም ካልመለሰ ኩባንያው ፍርድ ይሰጠኝ ብሎ ይጠይቃል፣ ይሰጠዋልም። ማስረጃ መርምሮ፣ ምልክቱ ይታይ ነበር ወይ፣ ሰዓቱ ልክ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ የለም። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ዝምታ ገንዘብ ያስከፍላል። 100 ፓውንድ የነበረው ላይ የዕዳ ማስከፈያ ተብሎ 70፣ የፍርድ ቤት 35፣ የጠበቃ 50 ሲጨመርበት 255 ይደርሳል፤ ወለዱ ገና ሳይቆጠር።

ገንዘቡስ ይሁን። ሲሲጄው በመዝገብ ላይ ስድስት ዓመት ይቀመጣል። ቤት የሚያከራይ ኤጀንሲ፣ ስልክ በኮንትራት የሚሰጥ ድርጅት፣ ኢንሹራንስ በየወሩ የሚያስከፍል ሁሉ ሊያየው ይችላል። የወንጀል ሪከርድ እንዳልሆነ ግን እወቁ። በዚህ ተደናግጠው የሚደውሉልን ስላሉ ነው ይህን ማለታችን።

ሕጉ ምን ይላል ከተባለ፣ ከሳሹ በሚያውቀው የመጨረሻ አድራሻ ክስ መላክ ይችላል። አድራሻው ያረጀ መሆኑን የሚያመለክት ምክንያት ካለው ግን የአሁኑን ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ማድረግ አለበት። የእኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። አራትና አምስት ደብዳቤ ልኮ አንድም መልስ ያጣ ኩባንያ «ምናልባት ሰውዬው እዚህ የለም» ብሎ መጠርጠር አይገባውም? አድራሻ ለመውሰድ 2 ከ50 የከፈለ፣ ከመክሰሱ በፊት ለማጣራት ትንሽ ቢጨምር ምን ይጎዳዋል? ዝም ባለ ተከሳሽ ላይ ክሱ ያለክርክር ያልፋል። ስለዚህ ኩባንያው ለማጣራት የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ነው ማለታችን አይደለም። ሊብሬ ላይ አድራሻ አለመቀየር እስከ 1,000 ፓውንድ ሊያስቀጣ ይችላል፤ መቀየሩ ደግሞ በኢንተርኔት በነፃ ነው። ግን የእኛን ሰው ኑሮ እናውቀዋለን። ከክፍል ወደ ክፍል እንዞራለን። ካውንስል ከአንዱ ጊዜያዊ ቤት ወደ ሌላው ያዘዋውረናል። አገር ቤት ሄደን ሦስት ወር የምንቆይም አለን። መኪናውን በዘመድ አድራሻ፣ ባስ ሲልም በዘመድ ስም የምናስመዘግብም አንጠፋም። አገር ቤት ሊብሬ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። ቪ5ሲ ግን የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ የሚያሳየው ያዥ ተብሎ የተመዘገበውን ሰው ነው። ስለዚህ ለወንድሙ ውለታ ብሎ ስሙን ያዋሰ ሰው ሲሲጄውንም ሊሸከም ይችላል። አድራሻውን ብቻ ያዋሰም ቢሆን አንድ ቀን ጠዋት የፍርድ ቤት ዕዳ አስፈጻሚ በሩን ሊያንኳኳበት ይችላል።

የደረሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትሠሩት ስህተት ደንግጦ መክፈል ነው። ፍርዱ ከተሰጠ በአንድ ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ከመዝገብ ይሰረዛል። ከወር በኋላ ከሆነ ግን «ተከፍሏል» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ ስድስት ዓመቱን እዚያው ይቆያል። ሳታውቁ የተፈረደባችሁ ደግሞ ወሩ ካለፈ በኋላ ነው የምትሰሙት። ያለው መንገድ ኤን244 በሚባል ፎርም ፍርዱ እንዲነሳ ማመልከት ነው። ክፍያው ከ300 ፓውንድ በላይ ነው። ከቲኬቱ ይበልጣል ማለት ነው! ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ግን የፍርድ ቤት ክፍያ እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከሳሹ ራሱ ከተስማማ ክፍያው በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ የኪራይ ውላችሁንና የካውንስል ታክስ ደረሰኛችሁን አያይዛችሁ አስቀድማችሁ ጻፉለት። አትዘግዩ። ዳኛው ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ካወቃችሁ በኋላ ምን ያህል እንደፈጠናችሁ ነው፤ ሌላው ለክሱ በቂ መከላከያ አላችሁ ወይ የሚለው ነው። «ሊብሬህን አላስተካከልክም፣ ጥፋቱ ያንተ ነው» የሚል ዳኛም ሊያጋጥም ይችላል። ፍርዱ ቢነሳም ክሱ ሊቀጥል ስለሚችል የምትከራከሩበትን አዘጋጁ።

መንግሥትስ? በ2019 ፓርላማው የግል ፓርኪንግ የሥነ ምግባር ደንብ እንዲወጣ ሕግ አጸደቀ። ደንቡ በፌብሩዋሪ 2022 ወጣ፤ ከለንደን ውጭ አብዛኛውን ክፍያ ወደ 50 ፓውንድ የሚያወርድ፣ ያችን የ70 ፓውንድ ጭማሪም የሚከለክል ነበር። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ በጁን ደንቡ ተነሳ። በ2025 እንደገና የሕዝብ አስተያየት ተጠየቀበት። እስከዚያው ኩባንያዎቹ በ2024 ራሳቸው ለራሳቸው ባወጡት ደንብ ሲሠሩ ቆይተዋል።

ወንድማችን ኤን244ን ሞልቶ ልኳል፣ የችሎቱን ቀን እየጠበቀ ነው። ቤቱን ግን ሻጩ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።